የተመለሰው ሸክላ

ስለ ፍቅር አውራ ቢባል አገር ምድሩ ተጠይቆ እኔ የመጨረሻው ነኝ። ድራም መቺ ነኝ፤ ሥራዬ ከኋላ ተቀምጦ መደብደብ ነው። ማልኮም ፌሎውስና ፊሊፓ ሃርግሪቭ በምን እንደተለያዩ ግን ከእነሱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይዤው ለመኖር ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

«የብር ድንቢጦች» ይሉን ነበር። እንግሊዝ አገር፣ አራት የቢልስተን ከተማ ልጆች ነን። በ1972 ተረከዙ አንድ ስንዝር የሚሆን ጫማ አድርገን፣ ዐይናችንን የብር ቀለም ተቀብተን ቴሌቪዥን ላይ ስንወጣ አባቴ የሻይ ስኒውን አስቀመጠና «እናትህ የሠርግ ቀሚሷን ካጣችው ሰነበተች፤ ለካ አንተ ላይ ኖሯል!» አለኝ። ይሳቅብን እንጂ አገሩ ወደደን። በሦስት ዓመት ዐሥራ አራት ነጠላ ዜማ አወጣን። ልጃገረዶች የመኪናችንን መስኮት እየሳሙ በከንፈር ቀለም አጨለሙት። ከዚያ ፋሽኑ አለፈ፣ ብልጭልጩም ረገፈ። ቡድኑ ሲፈርስ እኔ የዳቦ መኪና መንዳት ጀመርኩ፤ ማልኮም፣ እኛ ማል የምንለው፣ ዊለንሆል ከተማ የቁልፍ ፋብሪካ ገባ።

ዘፈኖቹን የሚጽፈውም የሚዘፍነውም ማል ነበር። ሰው ሲያናግረው የራሱን ጫማ የሚያይ፣ ከመድረክ ሲወርድ ድምፁ የሚጠፋ ዓይናፋር ልጅ። ፊሊፓ ደግሞ ለንደን ውስጥ ዘፈን ከቴፕ ወደ ሸክላ የምትቀርጽ ነበረች። አባቷ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው፤ ፈረስ፣ ውሻ፣ ሰፊ ግቢ፣ ሁሉም አላቸው። ልጃቸው እጇን ዘይት ነክቶት የምትውልበትን ሥራ አንድ ቀን የሚተዋት ጠባይ አድርገው ነበር የሚያዩት። እኛን ግን እንደ በሽታ ነበር የሚያዩን። «የእህቱን ሸሚዝ የለበሰ ወንድ ደጄን አይረግጥም» ብለዋል አሉ።

በዚያ ሙያ አንድ ልማድ አለ። የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ፣ መሐል ካለው ወረቀት አጠገብ ምንም ድምፅ የሌለበት ባዶ ቀለበት ይቀራል። ቀራጩ እዚያ ላይ ቁጥሩን በመርፌ ይጭራል፤ ቀልደኛ ከሆነ አንድ ሁለት ቃል ይጨምርበታል። ፋብሪካው ያንን ጭረት ከነዘፈኑ ያባዛዋል። በመጀመሪያው ሸክላችን ላይ ፊሊፓ «ጸጉርህን ታጠብ» ብላ ጻፈች፤ የማል ብልጭልጭ ማሽኗ ላይ ረግፎባት ነበርና። ማል ያንን ቃል አንብቦ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። በሁለተኛው ላይ «ይህን ዘፈን ለማን ነው የጻፍከው?» አለችው። በሦስተኛው ላይ «ለእኔ ከሆነ ደስ ብሎኛል።» በመቶ ሺህ ሰው ቤት የሚሽከረከር ሸክላ ላይ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። እሱ መልሱን ለንደን ስንሄድ በዐይኑ ይሰጣታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ፤ ሁለቱም ሲተያዩ ጆሯቸው ይቀላል።

በ1974 የካቲት ማል ጠየቃት፤ አግቢኝ አላት። ዝናብ ላይ ቆመው ነበር። እሷ አባቷን አስባ ዝም አለች። ማል ደግሞ የድሃ ልጅ ኩራት አለበት፤ ዝምታዋ አንገበገበው።

«በአፍሽ አትመልሺልኝ» አላት። «ሰባተኛውን ሸክላ ነገ ትቀርጪዋለሽ። መልስሽን እዚያ ላይ ጻፊው። ባዶ ከሆነ ገብቶኛል፣ አላስቸግርሽም።»

ያ ሸክላ ወጣ። ቀለበቱ ላይ ከቁጥር በቀር ምንም አልነበረም። ማል ለማንም ሳይነግር አንድ ዓመት ተኩል ከረመ። ለእኔ የነገረኝ ቡድኑ ከፈረሰ በኋላ፣ የእናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው። «ኔቭ፣ እምቢ እንኳ አላለችኝም፤ ባዶ ነው የላከችልኝ» አለና ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። እኔ ምን አልኩ? የአፌን ሁሉ አወረድኩባት። የሀብታም ልጅ ድሮም መጫወቻዋ ነህ፣ ለእነሱ እኛ እንደ ገና ዛፍ ነን፣ በዓሉ ሲያልፍ ደጅ ይጥሉናል አልኩት። ስናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምናገረው ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁት ነው።

በ1976 ጸደይ ማል የፋብሪካው ምግብ ቤት የምትሠራውን ዶሪንን አገባ። ሚዜው እኔ ነበርኩ። ዶሪን ደግ ልጅ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

በመስከረም ከሸክላ ድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። ዐሥራ አራቱን ነጠላ ዜማዎች በአንድ አልበም ሰብስበው ለገና ሊያወጡት ነው። ሰባት ሰባት ዘፈን በአንድ ገጽ ማስገባት ቦታ ስለሚያጣብብ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቀነስ ከቡድኑ ሁለት ሰው መጥቶ ይስማማ ይላል። ከታች የቀራጯ ስም አለ፤ ፊሊፓ ሃርግሪቭ።

«እኔ ብቻዬን ልሂድ» አልኩት።

«እሄዳለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄያት እመለሳለሁ» አለ። «ለምን እምቢ ብለሽ አልጻፍሽም እላታለሁ። ባዶው ነው የገደለኝ፣ ኔቭ። እምቢታ ቢሆን ቀብሬው እረሳው ነበር።»

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በባቡር ለንደን ገባን። ማል የሠርጉን ሱፍ ለብሷል። ደረጃውን ስንወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የፋብሪካው አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ፊሊፓ በሩን ከፈተች። ከስታለች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች፤ እጅጌዋን እንደ ድሮው ሰብስባዋለች። ማልን አየችው፤ ቀጥሎ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት አየች። ዐይኗ እዚያ ላይ ቆየ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ሚስተር ፌሎውስ» አለችው። «እዚያ ይቀመጡ።»

ድሮ «አንተ ብልጭልጭ» ነበር የምትለው። ማል እንደ ተቀጣ ተማሪ ሄዶ ተቀመጠ። እኔ ያን ጊዜ እንኳ በልቤ፣ እይ ኩራቷን፣ አልኩ።

ቴፑን አሰረች፣ ጥቁሩን ለስላሳ ሸክላ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። «ደንቡን ታውቁታላችሁ» አለች። «መርፌው ካረፈ በኋላ ገጹ እስኪያልቅ አይቆምም። ሃያ አራት ደቂቃ ነው። በር አይከፈትም፣ ወለል አይረገጥም፣ ጮክ ተብሎ አይወራም። ወለሉ ከተነቃነቀ መርፌው ይዘላል፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።»

መርፌው አረፈ። ከሸክላው እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር ክር እየተላጠ መውጣት ጀመረ። ከድምፅ ማጉያው በቀስታ የሃያ አራት ዓመቱ ማል መዝፈን ጀመረ። ሦስታችንም ሦስት ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ዐይን ላለመገናኘት የማሽኑን መዞር እናያለን። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ሲጀምር፣ ያ «ለእኔ ከሆነ» ብላ የጻፈችበት፣ የማል እግር ሳያውቀው ምቱን ሊመታ ተነሣ። በሁለት እጁ ጭኖ ያዘው። ፊሊፓ አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ፤ ቶሎ ብላ ወደ ማሽኑ ዞረች።

አምስተኛው ላይ ማል በሹክሹክታ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት።

«እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው ይህን ሥራ ለምኜ የወሰድኩት» አለች ሳትዞር። እርስዎነቱ ከአፏ ጠፋ። «አንተ ቅደም።»

«ለምን ባዶ ላክሽልኝ?»

«ምን?»

«ሰባተኛውን ሸክላ። እምቢ የሚለውን ቃል ለመጻፍ እንኳ አልበቃሁም?»

ፊሊፓ ቀስ ብላ ዞረች። «ማል፣ ባዶ አልነበረም።»

«በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ቁጥር ብቻ ነው ያለው።»

«እሱ እዚህ አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ ሚስተር ኦርምስቢ፣ እንደገና የቀረጹት ነው። እኔ የቀረጽኩትን እኮ እናንተ መለሳችሁት!» ድምጿ ከፍ ሊል ሲል አፏን በመዳፏ ያዘችው። ማሽኑን አየች። መርፌው ቀጥሏል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «አዎ ብዬ ነበር የጻፍኩልህ። ‹አዎ፣ በባዶ እጄም ቢሆን› ብዬ። ናሙናው እንደ ወትሮው በኔቪል እናት አድራሻ ተላከ። እኔ የዚያኑ ሳምንት አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ነገርኳቸው። ሻንጣዬን ደጅ አውጥተው አስቀመጡልኝ። ሻንጣዬን ይዤ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ፤ ሸክላው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ተመልሶ መጥቷል። ወረቀት ተለጥፎበታል። ‹አልተቀበልነውም። እንደገና ይሠራ። ስለ ቡድኑ፣ ኔ.ፓ.› ይላል።»

ኔ.ፓ. ኔቪል ፓርጌተር። እኔ ነኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ወረቀት ሁለት ዓመት ተኩል እኔን ይዞ ሲጠብቅ ኖሯል። ትዝ አለኝ። የዚያን ሰሞን አንድ ጋዜጣ «የድንቢጦቹ ድራመር ትራስ የሚደበድብ ይመስላል» ብሎ ጽፎብኝ፣ ሰው ሁሉ ትራስ እያለ ሲጠራኝ ነበር። ናሙናው ቤታችን ሲደርስ ብቻዬን ሰማሁት። ድራሜ ቀጭን መሰለኝ። ለማል አላሳየሁትም፤ እሱ ይሁን ብሎ ያሳልፈዋል ብዬ ፈራሁ። ስልክ አንሥቼ እዚያ ለነበሩት ሽማግሌ ድራሙን አጉሉልኝ አልኩ፣ ወረቀቷን ጽፌ ሸክላውን በፖስታ መለስኩ። ቀለበቱን አላየሁትም። ለእኔ የተጻፈ ነገር ኖሮበት ስለማያውቅ አይቼው አላውቅም።

ማል ወደ እኔ ዞረ። «ኔቭ?»

ዕድሜ ልኬን የማፍርበትን ነገር እዚያ ላይ ጨመርኩ። «ተሰንጥቆ ነው የመጣው፤ በፖስታ...» አልኩ። ፊሊፓ ቀና ብላ አየችኝ። ሸክላው እሷ እጅ እንደነበረ ረስቼው ነበር። ስንጥቅ ይኑርበት አይኑርበት ከእሷ የበለጠ ማን ያውቃል?

«አልተሰነጠቀም» አልኩ። «ድራሜ ደከመብኝ ብዬ ነው። እኔ ነኝ የመለስኩት። ማል አላየውም። እንዲያይ አላደረግኩም።»

ማል ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ፊሊፓ እጇን ዘርግታ «ወለሉን!» አለች በሹክሹክታ። ማል ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ቀን ያየሁትን ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ሰው የሚወደውን ሲቀብር ይጮኻል፣ ደረቱን ይመታል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን መርፌ እንዳይዘልባቸው ትንፋሻቸውን ይዘው እያለቀሱ ነበር። ስድስተኛው ዘፈን አልቆ ሰባተኛው ጀመረ። ድራሜ ገባ፤ ያን ጊዜ ባስጎላሁት ልክ ጎላ ብሎ፣ ጠንክሮ።

«ሁለት ጊዜ ደወልኩ» አለች ፊሊፓ። «የኔቪል እናት ‹ልጆቹ ለዝግጅት ጀርመን ሄደዋል› አሉኝ። ሚስተር ኦርምስቢን የምን ቅሬታ ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ የገባኝ መስሎኝ። ዛሬ ልጠይቅህ የነበረው ይኸው ነው። ካልፈለግክ ራስህ መጥተህ ብትነግረኝ ምን ነበር? ለምን በሌላ ሰው እጅ?»

«ፊሊፓ፣ እኔ...» አለ ማል። ዘፈኑ መሐል ራሱ ድምፁን ዘለግ አድርጎ ይዘፍናል፤ ከወንበሩ ላይ ያለው ማል ግን በሹክሹክታ፣ «አሁንም ይሁን በይኝ» አለ። «አንድ ቃል ብቻ። ዛሬ አልመለስም። ፋብሪካውንም፣ ሁሉንም...»

«ሁሉንም ማለት ማንን ነው?»

ማል ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት አየ።

«ስሟ ማነው?»

«ዶሪን።»

«ልጅ አላችሁ?»

«በጥር ይወለዳል።»

ፊሊፓ ዐይኗን ጨፈነች። ከጨፈነችው ዐይን እንባው መንገድ አግኝቶ ወረደ። እኔ በልቤ በይው አልኩ፤ በጌታ፣ ይሁን በይው። ዶሪን ጓደኛዬ ናት፤ ሠርጓ ላይ ጨፍሬያለሁ። ቢሆንም የእኔ ጥፋት እንዲቀልልኝ ብዬ፣ የዶሪን ቤት እንዲፈርስ ተመኘሁ። ሰው ለካ እንዲህም ነው።

«ዛሬ ትጠብቅሃለች?» አለችው።

«ጣቢያ መጥቼ እቀበልሃለሁ ብላለች።»

«እኔ ሰው መጠበቅ አውቃለሁ፣ ማል። ክፍል ተከራይቼ፣ አከራዬ አልጋ እስኪያስገቡልኝ ድረስ፣ መስኮት ሥር ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩህ። ሸክላዬ ተመልሶም ቢሆን ጠበቅኩ፤ ዐሥራ አንድ ቀን። መንገዱ ላይ ረዥም ሰው ባለፈ ቁጥር እነሣለሁ። ያንን ለጠላቴ አልመኘውም።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እንዲህ ስልህ እንደማልወድህ አድርገህ አትውሰደው። ሁለተኛ እንዳትሳሳት። እወድሃለሁ። ሂድ፤ እሷን አታስጠብቃት።»

ማል እጁን ዘረጋ። እሷም ዘረጋች። በመካከላቸው ማሽኑ አለ፤ ጣታቸው ሊነካካ አንድ ጋት ሲቀረው ሁለቱም እጃቸውን መለሱ። ዘፈኑ አልቆ ክፍሉ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ፊሊፓ መርፌውን አነሣች። ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብላ እንደ ሐኪም መረመረችው።

«ጥሩ ወጥቷል» አለች። «ሁለተኛውን ገጽ ብቻዬን እሠራዋለሁ። ለዚያ እናንተ አታስፈልጉም።»

ይቅርታ ልጠይቃት በሩ ላይ ቆምኩ። «ፊሊፓ፣ ይቅርታ የሚለው ቃል...»

«አውቃለሁ፣ ኔቪል» አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም። «አሁን ሂድ። እባክህ ሂድ። ከዚህ በላይ ጨዋ ሆኜ መቆየት አልችልም።»

ደረጃውን ስንወርድ ከላይ ምንም ድምፅ አልሰማንም። ማል እያንዳንዱ እርከን ላይ እየቆመ አዳመጠ። ታች ስንደርስ ግድግዳውን በመዳፉ ደግፎ ቆመ፤ ትንፋሹ ያጠረው በአቧራ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ይምታኝ፣ ይስደበኝ፣ መስኮቱን ይስበረው ብዬ ጠበቅኩ። ኮቨንትሪ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ከመስኮቱ ውጭ የእርሻው መሬት እርጥብ ነበር። ኮቨንትሪን ስናልፍ፣

«ኔቭ» አለኝ።

«አቤት።»

«ልክ ነበርክ። ድራሙ ይሻላል።»

ፊቱን አየሁት። ሊወጋኝ ብሎ ይሆን ብዬ ፈለግኩበት፤ አልነበረም። ማል ስለ ሙዚቃ ዋሽቶ አያውቅም። ሃያ አራቱን ደቂቃ ሕይወቱ ፊቱ ሲፈርስ ተቀምጦ፣ የእኔን ድራም ደግሞ ሰምቶታል፤ ሰምቶም ፈርዶልኛል። ሁለት ዓመት ተኩል አንድ ሰው እንዲህ እንዲለኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። በኮቴ እጅጌ አፌን ይዤ አለቀስኩ፤ እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ጣቢያችን ዎልቨርሃምፕተን ስንደርስ ዶሪን ባቡር መሳፈሪያው ላይ ቆማለች። የማልን አሮጌ ካፖርት ደርባ፣ ሆዷ ከቁልፉ አልፎ ወጥቷል። ማል ወረደ። ሄዶ አቀፋት፤ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቆየ፣ ሰው እስኪያልፍ፣ የባቡሩ በር እስኪዘጋ ድረስ። እሷ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ የናፈቃት መስሏት ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች። እኔ መውረድ አቃተኝ፤ መቀመጫዬ ላይ ቀረሁ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ዶሪን ከትከሻው በላይ በመስኮት አየችኝና አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች፣ «ጣቢያህን አለፍክ እኮ፣ አንተ ጅል!» ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። ደስ ብሏታል። እኔም አውለበለብኩላት፤ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም።